መንገድ ለመኑ፣ መጽሐፍ ተሰጣቸው

ጸሎትን የሚሰማ አምላክ ስሙ ይባረክ። ይህ ምስክርነት የአንድ ሰው ሳይሆን የአንድ ጸሎት ነው፤ ከምጽዋ ተነሥቶ ነቀምቴ እስኪደርስ 38 ዓመት የፈጀ ጸሎት። የተጻፈው በወንጌል መስክ ላይ ሆነው ፍሬ ላጡ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ለተቋረጠባቸው፣ "ምናልባት ጌታ አልላከኝም ይሆናል" እያሉ ሌሊት ለሚገላበጡ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን መልእክተኞች በ1866 ምጽዋ ሲገቡ ልመናቸው አንድ ነበር፦ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ የሚያደርስ መንገድ ይከፈት። ወደዚያ እንዲያቀኑ የመከራቸው ቀደም ሲል ሸዋ ላይ ያገለገለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ክራፕፍ ነው። መንገዱ ግን ዝግ ነበር። በምዕራብ ኤርትራ ኩናማ ምድር ሰፍረው ሲጠባበቁ ከፊሎቹ በንዳድ ሞቱ፣ የተገደሉም ነበሩ፤ የተረፉት ወደ ምጽዋ ተመለሱ። ሪፖርት ይጻፍ ቢባል የሚጻፈው የመቃብር ቁጥር ብቻ ነበር።

በ1870 ምጽዋ ላይ አንድ ልጅ ከባርነት ነፃ ወጣ። ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ የተወለደ ነው፤ ነጋዴዎች ከአገሩ ነጥቀው ከባለቤት ወደ ባለቤት ሸጠውታል። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነው፤ ተርጓሚ ማለት። ሚሲዮኑ ዘንድ ተማረ፤ በ1872 በፋሲካ ዕለት ኦኔሲሞስ ተብሎ ተጠመቀ። ኦኔሲሞስ ነሲብ እሱ ነው። (ይህን ታሪክ ሲሰብኩ "እግዚአብሔር በባርነት በኩል ላከው" የሚሉ አሉ። አንስማማም። የሸጡት ሰዎች በደሉ፤ እግዚአብሔር ደግሞ በደላቸውን እንደ ዮሴፍ ወንድሞች በደል ገለበጠው። ሁለቱ አይምታቱ።)

ኦኔሲሞስ ስዊድን አምስት ዓመት ተምሮ በ1881 ተመለሰና ወዲያው ጉዞ ተጀመረ። ዐፄ ዮሐንስ የውጭ ሚሲዮናውያን በግዛታቸው እንዳያልፉ ስለከለከሉ ቡድኑ በሱዳን በኩል ዞረ። ድንበሩ አካባቢ ደርሰው መግባት አልቻሉም። ኦኔሲሞስ በንዳድ እየተንቀጠቀጠ ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ካርቱም ሲደርስ የማህዲስቶች (የሱዳኑ ማህዲ ተከታዮች) አመፅ እየተቀጣጠለ ነበር። ሁለተኛው ሙከራ በሌላ አቅጣጫ ሆኖ በ1886 እንጦጦ ደረሰ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግን ቡድኑ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ስለመጣ "ተመለሱ" አሉ። ተመለሱ።

በሩ ሲዘጋ የሰው ልብ የሚሄደው ወደ አንዱ ነው፦ ወይ በሩን ደጋግሞ መደብደብ፣ ወይ ዕቃ ሸክፎ ወደ አገር መግባት። ምጽዋ አጠገብ ባለው የሚሲዮኑ ጣቢያ፣ እምኩሉ ላይ የሆነው ሌላ ነው። "መንገዱ ነገ ቢከፈት ምን ይዘን እንገባለን?" ለሚለው ጥያቄ ቁጭ ብለው መልስ አዘጋጁ። ተስፋ የቆረጠ አገልጋይ የጸሎት ደብተሩን ከፍቶ ይህንኑ ይጠይቅ፤ ከልመናው ጎን የጎደለውን ይጻፍ፤ ቀን ይጻፍበት፤ በየሦስት ወሩም ይመልከተው። የፈቃድ ወረቀት የሰው እጅ ላይ ነው። ቋንቋ ግን ራሱ እጅ ላይ ነው።

ኦኔሲሞስ የጎደለው እዚህ ላይ ታየ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ሲጀምር ኦሮምኛው እንደማይበቃው ተረዳ። ልጅ ሆኖ ከቤቱ የወጣ ሰው የእናቱን ጓዳና የከብቱን ስም ያውቃል፤ የሽማግሌ ሸንጎ፣ የእርቅ፣ የቃል ኪዳን፣ የመሥዋዕት ቃል ግን ከየት ያመጣል? እምኩሉም ከባሕሩ ዳርቻ አካባቢ ያለ ሰፈር ነው፤ የሚጠየቅ ኦሮሞ ሽማግሌ የለም።

መልሱ በመርከብ መጣ። በዚያው እንጦጦ ላይ "ተመለሱ" በተባሉበት 1886፣ ቀይ ባሕርን አሻግረው ሊሸጧቸው የነበሩ ምርኮኞችን የጣሊያን መርከብ ያዘና እምኩሉ ደረሱ። ከእነሱ መካከል አስቴር ጋኖ ነበረች። ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ ወደ 15,000 የሚጠጋ ቃል ያለው መዝገበ ቃላት አሰናዳች፤ ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ዘፈኑን ከትዝታዋ እየቀዳች ጻፈች፤ በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። አዲስ ኪዳን በ1893 ወጣ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ፣ ቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ሽፋኑ ላይ የማን ስም እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ የአስቴር ድርሻ ግን እስከ ዛሬ በቅጡ አልተነገረም።

15,000 ቃል ስንት ቀን ነው? በቀን አሥር፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚሰበስብ ሰው በዓመት 2,600 ይደርሳል፤ ስድስት ዓመት ሊሞላ ነው። ብዙ ወንጌላዊ የሚሳሳተው "ጸጋን ምን ትሉታላችሁ?" ብሎ በመጠየቅ ነው፤ ተጠያቂው እንግዳውን ላለማሳፈር አንድ ቃል ፈጥሮ ይሰጠዋል። የደም ካሳ ሲታረቅ ዳር ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይሻላል፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ያኔ ሳይጠየቅ ይወጣል።

ፊደሉም ፈተና ነበር። መጽሐፉ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው፤ ፊደላችን ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ኦሮምኛ ላይ "በዳ" ሲላላ መጥፎ ነው፣ ሲጠብቅ ደጋ። ወረቀት ላይ አንድ ነው። አማርኛ አንባቢ "ገና"ን ከዐውዱ እንደሚለየው ይለየዋል፤ አዲስ አንባቢ ግን ይደናቀፋል። ስለዚህ ትርጉም በዓይን ብቻ አይታረምም፤ ረቂቁን ላላየ ሰው ጮክ ብሎ ማንበብና "ምን ሰማህ?" ማለት ያስፈልጋል።

ያ ሁሉ የጥበቃ ዘመን በባሕሩ ዳርቻ በከንቱ አላለፈም፤ የኤርትራ ልጆችም ይማሩ ነበር። ወለጋ፣ ቦጂ በ1898 ቀድሞ የገባው ስዊድናዊ አልነበረም፤ የሐማሴን ሰው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ነበር፣ ከባለቤቱ ከጉመሽ ጋር። በ1905 በእሳት አደጋ ሞተ። ኦኔሲሞስና አስቴር በ1904 ነቀምቴ ሲደርሱ የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። 38 ዓመቱ እዚህ ላይ ይሞላል።

ምስክርነት ሲነገር ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ይቆምና "ሃሌ ሉያ" ይባላል። ግን ብዙም ሳይቆይ ኦኔሲሞስ ላይ ክስ መጣ፤ ድንግል ማርያምን ሰድቧል ተባለ። በ1906 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያኑ ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ፤ ስደት ተፈረደበት። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ፣ ግን እንዳይሰብክ አዘዙ። በ50 ዓመቱ፣ ዕድሜውን ሁሉ የለመነው አገር ላይ ቆሞ መስበክ ተከለከለ!

ማስተማር ግን አልተከለከለም ነበር። አሥር ዓመት ትምህርት ቤቱ ላይ ተወስኖ አስተማረ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የስብከት ፈቃድ ሰጡ፤ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። ኦኔሲሞስ ሰኔ 21 ቀን 1931 እስኪያርፍ ድረስ መጻሕፍቱን ሲያድል፣ ጉባኤ ሲመራ ኖረ። አስቴር ከእሱ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይታ በ1964 ዐረፈች።