ሁለት ሰኮንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት እንዴት አስተካከልኩ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሰዓት ሠሪ መሆን አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ማሳጠር ነው። እናም አንድ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር በእጅ የሚሞላውን የሩጫ መቁጠሪያቸውን ሲያመጡልኝ ሌላውን ሥራ ወደ ጎን አልኩት። «ልጄ፣ ሁለቱ ቆጣሪዎች አልገጥም ብለውኛል» አሉኝ። «ይተውልኝ ጋሼ፣ ፈትቼ ልየው» አልኳቸው።

ሰዓቱ ሲነሳ ሁለቱ ቆጣሪዎች ተደራርበው አንድ መስለው ይዞራሉ። የመጀመሪያው ሯጭ ሲገባ የጎኑ ቁልፍ ይጫናል፤ ውስጥ ያለ ጉጠት የላይኛውን ቆጣሪ ጎማ (ቆጣሪውን የተሸከመውን ክብ ብረት) ከግራና ቀኝ ጨብጦ ያቆመዋል። የታችኛው ይቀጥላል። ቁልፉ ዳግም ሲጫን የቆመው ዘሎ ባልንጀራው ላይ ይደርሳል። የሚያደርሰው በታችኛው ቆጣሪ ዘንግ ላይ የተተከለ የልብ ቅርጽ ያለው ብረት ነው። ከላይኛው ጎማ ጋር ያለች ክንድ በቀጭን ሞላ ተገፍታ ልቡን ትደገፋለች፤ ጉጠቱ ሲለቅ ተንሸራታ የልቡ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ትቀመጣለች።

ጉጠቱን ከዚህ በፊት አንድ ሰው ዘይት ቀብቶታል። ጉጠቱና የጎማው ጠርዝ ደረቅ መሆን አለባቸው፤ የሚይዙት በሰበቃ ብቻ ነው። ሙጫ የሆነውን ዘይት በቤንዚን አጥቤ በወይራ ስንጥር ጠረግሁ። (በበጋ ከሆነ በሩን ዘግቶ በማለዳ ነው፤ የእኛ አገር አቧራ ምሕረት የለውም።) ከዚያ የጉጠቱን ሁለት ጥርሶች በማጉያ እያየሁ እኩል እንዲነኩ አደረግኩ። አንዱ ከቀደመ ቆጣሪው ሲያዝ ይዘላል፣ የሯጩም ሰዓት ይዛባል።

የስዊዝና የጀርመን ውድ ሰዓቶችን ፎቶ አይቶ ውልወላው ለዓይን ብቻ ነው የሚል አለ። ድልድዮቹ (ጎማዎቹን ከላይ የሚይዙት ብረቶች) ላይ ያለው ጭረት አዎ፣ በአብዛኛው ለውበት ነው። ወደ ውስጥ የሚገባ ሹል ማዕዘንም የሚደነቀው ለእጅ ሥራው ነው፤ የሚሽከረከር መቁረጫ እዚያ ቦታ ክብ ያደርገዋል እንጂ ሹል አያወጣም። የልቡ ጠርዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ትንሽ ጭረት ካለበት ክንዷ ከመድረሷ በፊት ትቆማለች፣ ቆጣሪዎቹም ለጥቂት ይሳሳታሉ። ስለዚህ ሞረድ አላስጠጋሁትም፤ ቅርጹ ከተነካ አበቃለት። በአልማዝ ቅባት የተነካ ለስላሳ እንጨት የጠርዙን አቅጣጫ ተከትዬ አስኬድኩበት፣ ብርሃን ላይ ሲያዘነብሉት አንዴ ጥቁር አንዴ ነጭ እስኪመስል ድረስ።

ያመነታሁት ሞላዋ ላይ ነው። ብትጠነክር ቆጣሪዎቹ በደንብ ይገጥማሉ፤ ግን ቆጣሪው ተይዞ ሳለ ክንዷ በልቡ ዙሪያ ስትንፏቀቅ ከባላንሱ (የሰዓቱን ምት ከሚጠብቀው ተወዛዋዥ ጎማ) ጉልበት ትሰርቃለች። እንደ ጀርመኑ የላንጌ ሰዓት ዳብል ስፕሊት (2004 እ.ኤ.አ.) ያሉት ይህን ጉተታ የሚያስቀር ማላቀቂያ አላቸው፤ የጋሼ ሰዓት የለውም። እንዳለች ተውኳትና «ጋሼ፣ ካነበቡ በኋላ ቶሎ ይልቀቁት» አልኳቸው።