የጋዝ አረፋን በብርሃን መለካት፦ ከአዳማ ቤተ ሙከራ

አዳማ ላይ ለድኅረ ምረቃ ጥናቴ ያጠናሁት አየር በመቅዘፊያ በሚማሰል ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚበተን ነው። በሪአክተር (ኬሚካዊ ለውጥ በሚካሄድበት ዕቃ) ውስጥ ጋዝ ወደ ፈሳሹ የሚገባው በአረፋዎቹ ገጽ በኩል ስለሆነና የአረፋ ዲያሜትር በግማሽ ሲቀንስ የዚያው ጋዝ የገጽ ስፋት እጥፍ ስለሚሆን፣ የምፈልገው ቁጥር የአረፋዎቹ አማካይ ዲያሜትር ነበር።

ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ካሜራው ነው፤ ካሜራዬ በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሣ ስልክ ነበር፣ ድካሜም በአብዛኛው ለብርሃኑ ሆነ። በክብ ዕቃ ውስጥ ያለ አረፋ፣ ብርሃኑ በጎባጣው ግድግዳ ላይ ስለሚታጠፍ፣ ወደ ጎን ተለጥጦ ይታያል። ስለዚህ ሪአክተሩን አራት ማዕዘን በሆነና ጎኑ በሚያሳይ ሣጥን ውስጥ አቁሜ በመካከላቸው ውሃ ሞላሁ፤ መለኪያ ማስመሪያውንም የማነሣው አረፋ ባለበት ርቀት ላይ፣ ውሃው ውስጥ አስቀምጬ ፎቶ አነሣሁት። ከኋላ ኤልኢዲ መብራት፣ ከፊቱ ነጭ ወረቀት ሲደረግ የአረፋው ጠርዝ ጥቁር ቀለበት ሆኖ ይወጣል። የመስመር ኤሌክትሪካችን 50 ኸርዝ በመሆኑ አንዳንድ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ዓይን ባያየውም ስልኩ ያየዋልና መብራቱን በባትሪ አሠራሁት። በሰከንድ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚወጣ አረፋ በ1/4000 ሰከንድ ውስጥ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ስለሚንቀሳቀስ፣ ምስሉ በዚህ ፍጥነት ሲነሣ አይደበዝዝም።

ምስሎቹን ኢሜጅጄ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ለካሁ። ተራ አማካይ እዚህ ያታልላል፤ ጥቂት ትልልቅ አረፋዎች አብዛኛውን ጋዝ ይይዛሉና የዲያሜትሮቹ ኩብ ድምር ለካሬያቸው ድምር ይካፈላል። መቅዘፊያው ሲፈጥን ግን አረፋዎቹ እርስ በርስ ይጋረዳሉ፣ ጥላቸውም አይነጣጠልም፤ ከዚያ በኋላ የጋዙን ድርሻ (ከጠቅላላው ይዘት ጋዙ የሚይዘውን ክፍል) የወሰድኩት ከፈሳሹ ከፍታ መጨመር ነበር። በአንድ ሊትር 12 ግራም የገበታ ጨው ስጨምር ደግሞ አረፋዎቹ መዋሐድ ስለሚያቆሙ ውሃው እንደ ወተት ነጣ። ስለዚህ በንጹሕ ውሃ የተገኘን መጠን ጨው ላለበት ምርት መውሰድ አይገባም ባይ ነኝ።

ኦክስጅኑ የት እንደሚደርስ ለማየት ሜቲሊን ብሉ የተባለ ማቅለሚያ፣ ግሉኮስና ኮስቲክ ሶዳ ቀላቀልኩ (ኮስቲክ ሶዳ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ግድ ነው)። ድብልቁ ኦክስጅን ሲደርሰው ሰማያዊ ይሆናል፣ ሲያልቅበት ቀለሙ ይጠፋል። አዳማ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ውሃ 8.3 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል የሚለው የመጻሕፍት ቁጥር እዚህ ወደ 6.8 ገደማ ይወርዳል፤ ስሌቱም ይህን ማካተት አለበት። ቀለሙ ቁጥር አይሰጥም፤ ነገር ግን በዝግተኛ ፍጥነት አየሩ በመቅዘፊያው ዘንግ ዙሪያ ብቻ ወጥቶ ሲያልፍ ከሥር ያለው ጥግ ቀለም አልባ እንደሆነ ሲቀር አሳየኝ፤ መቅዘፊያውን ወደ ፈሳሹ ከፍታ ሲሶ ዝቅ አድርጌ ፍጥነቱን ስጨምር ያ ጥግም ሰማያዊ ሆነ።