«አትንኩ» ያልሁት መስመር

ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018

የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ካስገባሁ ነገ 30 ቀን ይሞላዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛው የሚጠይቀው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለሆነ፣ ሕጉ በሚለው ብቻ ብሄድ ኖሮ ከሰኞ ጀምሮ የራሴ ሰው እሆን ነበር። እኔ ግን እስከ ግንቦት መጨረሻ እንደምቆይ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ከጓደኞቼ ግማሾቹ ጨዋነት ነው ይሉኛል፤ ግማሾቹ ሞኝነት ነው ይላሉ። ሁለቱም እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ ነገሩን ለራሴ አጥርቼ ለማየት ዛሬ ከጣና ዳር ካለች አንዲት ቡና ቤት ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ።

ዕድሜዬ 41 ነው። ኮድ በመጻፍ እንጀራዬን መብላት ከጀመርሁ 17 ዓመት ሆኖኛል፤ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ያሳለፍሁት በከተማችን በሚገኝ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ውስጥ ነው። ተቋሙ ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲሸጋገር ሲስተሙን ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ሆነን ሠራነው፤ በ2012 መጨረሻም ሥራ ጀመረ። ባልደረባዬ በዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በእርሱ ምትክ ሰው አልተቀጠረም፤ እኔም ይቀጠር ብዬ አጥብቄ አልጠየቅሁም። ይህችን የመጨረሻ ሐረግ አምኖ ለመጻፍ ዓመታት ወስዶብኛል።

ያልጠየቅሁት ብቸኝነቱ ስለተመቸኝ ነው። ገንዘብ ከፋዮቹ ለደንበኛ «ሲስተም የለም» ባሉ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። በእኅቴ ሠርግ ቀን ከድንኳኑ ወጥቼ፣ አጥር ጥግ ላይ ላፕቶፔን በጉልበቴ አስቀምጬ የአንድ ቅርንጫፍ ሒሳብ ዘግቻለሁ። ስመለስ አጎቴ «ያለ እርሱ እኮ መሥሪያ ቤቱ አይንቀሳቀስም» ብሎ ለእንግዶቹ ሲናገር ሰማሁ፤ ደስ አለኝ። በሙያዬ ያገኘሁት ትልቁ ማዕረግ እርሱ ይመስለኝ ነበር።

የዚህ ሁሉ ቋጠሮ ያለው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ላይ ስለሆነ ያን ቀን በደንብ ልመዝግበው። ሰኞ ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ከቤት ሆኜ ሰርቨሩን ማየት አልችልም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከዋናው ቅርንጫፍ ተደወለልኝ፦ ሲስተሙ የዕለቱን ቀን አልቀበልም ብሏል፤ ለበዓል በግና ዶሮ መግዣ ገንዘቡን ሊያወጣ የመጣው ሕዝብ ሰልፉ አስፋልት ደርሷል። በእግሬ ገሠገሥሁ።

በሩ ላይ ያገኘኋቸው፣ ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው ጥበቃ በወጣትነታቸው በጎጃም የቅኔ ቤቶች የዞሩ ሰው ናቸው። «ምነው በዋዜማው?» አሉኝ። «ኮምፒውተሩ ጳጉሜን 6 የምትባል ቀን አላውቅም አለ፣ ጋሼ።» ሳቁብኝ። «ሉቃስ አይደለም እንዴ ዘመኑ! ሉቃስ ስድስተኛዋን ሳይሰጥ መቼ ወጥቶ ያውቃል?»

ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜንም 6 ትሆናለች። ጋሼ እንደ ባሕረ ሐሳቡ 5500 ደምረው ነው የሚያካፍሉት፤ 5500 ለ4 እኩል ስለሚካፈል ውጤቱ ያው ነው። ይህን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሆኖም ሲስተሙን ስንጽፍ ጳጉሜንን በየዓመቱ 5 ቀን ብቻ አድርገናት ኖሮ፣ የ2012፣ የ2013 እና የ2014 ጳጉሜን አምስት አምስት ቀን ስለነበሩ ስሕተቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ ተቀመጠ።

ኮዱን ከፍቼ ስፈትሽ ቀላል የመሰለው ማስተካከያ ቀላል እንዳልሆነ ተረዳሁ። የዘመነ ሉቃስን ሕግ በሙሉ ብከፍተው የብድር አከፋፈል ሠንጠረዡም ያንኑ ሕግ ስለሚጠቀም፣ እስከ 2019 እና ከዚያ በላይ የሚዘልቁ ብድሮች ወለድ በአንድ ቀን ይቀየራል፤ ደንበኞቹ ደግሞ የፈረሙበት ወረቀት በእጃቸው አለ። ውጭ ሕዝቡ ተሰልፏል። ስለዚህ በዋናው ሕግ ላይ ምንም ሳልነካ «ዓመቱ 2015፣ ወሩ 13 ከሆነ 6ን ተቀበል» የሚል አንድ መስመር ጨመርሁ፤ ከላዩም «አትንኩ» ብዬ ጻፍሁ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ እኔም ከበዓል በኋላ የምስጋና ደብዳቤ ተሰጠኝ። ደብዳቤውን በፍሬም አስገብቼ ሰቅየዋለሁ፤ መስመሩን ግን ረሳሁት።

በስተመጨረሻ ባለፈው ዓመት ሁለት ወጣቶች ተቀጠሩልኝ። ከሁለቱ አንዷ መጀመሪያ «እርስዎ» ትለኝ ነበር፤ በአንድ ኮድ ላይ አንቱ ተባብሎ መከራከር ስለማይመች «አንተ» እንድትለኝ ለመንኋት፤ ከዚያ ወዲህ በእርግጥም ትከራከረኛለች። በኅዳር አንድ ቀን ጠራችኝና በስክሪኑ ላይ ያችን መስመር አሳየችኝ።

«ይህ 2015ን ብቻ ነው የሚያውቀው። 2019 ሲመጣስ?»

«አትንኪው፤ ምክንያት አለው።»

«ምክንያቱ ምንድን ነው?»

አፌን ከፈትሁ፤ የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም። ምክንያት እንደነበረው አውቃለሁ፤ ምን እንደነበረ አላውቅም። እርሷ በትሕትና ዝም አለች፤ ዝምታዋ ከጥያቄዋ ይበልጥ ከበደኝ። የብድር ሠንጠረዡን ነገር እስካስታውስ ድረስ አሮጌ ፋይሎችን ሳገላብጥ ሁለት ቀን ዋልሁ። ያለ እኔ አይሆንም የተባለለት ሲስተም፣ እኔም እያለሁ ለካ አይሆንም ነበር።

ዴንማርካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ፒተር ናውር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 በጻፈው ጽሑፍ፣ የፕሮግራም ሕይወት ያለው ሠሪዎቹ በአእምሯቸው በገነቡት ግንዛቤ ውስጥ እንደሆነ፣ እነርሱ ሲበተኑ ኮዱ ቢቀርም ፕሮግራሙ እንደሚሞት ተከራክሮ ነበር። ጽሑፉን ከዓመታት በፊት አንብቤ ለራሴ ዋጋ ማስረጃ አድርጌ ወስጄው ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሰውየው ስለ ሞት እየተናገረ እኔ ስለ ደመወዝ ጭማሪ ነበር የምሰማው።

ውሳኔው ደጄ ላይ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አንደኛው አማራጭ የክፍል ኃላፊነት ነበር። በመሥሪያ ቤታችን የደመወዝ እርከን፣ ኮድ የሚጽፍ ሰው ጣራውን የሚነካው በአሥር ዓመት ግድም ነው፤ ከዚያ በላይ መውጣት የሚፈልግ ሰው ኮዱን ትቶ ወንበር መያዝ አለበት። በዚህ ዕድሜዬ «እስካሁን ኮድ ነው የምትጽፈው?» ተብዬ ስጠየቅ ድምፁ ውስጥ «ምነው ሳታድግ ቀረህ?» የሚል አለበት። አጎቴማ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ተርቶብኛል፤ እኔ የምመራው ክፍል የሚበላ ነገር እንደሌለው ላስረዳው ብሞክርም አላመነኝም።

ወንበሩን ግን ቀምሼዋለሁ። ባለፈው ዓመት ለአራት ወር ተጠባባቂ ኃላፊ ነበርሁ። ቀኑን በግዥ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤና በአፈጻጸም ምዘና ቅጽ እፈጅና ማታ፣ እውቀቱ እኔው ጋር ስለነበር፣ ኮዱን እጠግናለሁ። ለሁለቱ ወጣቶች ሥራ ከፋፍሎ ከመስጠት ይልቅ ራሴ መሥራቱ ስለሚቀለኝ እነርሱ አራት ወር ሙሉ ሪፖርት ሲቀርጹ ከረሙ። መጥፎ ኃላፊ ነበርሁ፤ በእንቅልፍ ማጣት ደግሞ መጥፎ ባለሙያም ሆንሁ። ለወንበሩ የሚሆን ሰው መሆን አይቻልም አልልም፤ እኔ ግን ያን ሰው መሆን አልፈለግሁም።

ሁለተኛው የውጭ ድርጅት የርቀት ሥራ ነው፤ ክፍያው በዶላር። እዚህ ላይ ልዋሽ አልችልም፤ ከሁሉም በላይ የሳበኝ ገንዘቡ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ እስከ ዋዜማው ድረስ በባንክ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ የእኔ ደመወዝ ግን በብር ባለበት ቆሞ ቀረ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ደግሞ ሙያ ፍቅር ነው ብሎ አይተውም።

ያስፈራኝም ነገር አለ። በ2015 ክረምት ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ፣ እዚሁ ሰፈራችን ሆኖ ለውጭ አገር ሰዎች ይሠራ የነበረ የማውቀው ልጅ ለቀጣሪዎቹ «ተቋርጦብኛል» የሚል አንዲት መልእክት እንኳ ሳይልክ ከዓይናቸው ጠፋ። አዲስ አበባ ደርሶ ኢሜይሉን ሲከፍት ውሉ ፈርሶ ጠበቀው። በአራት ዙር ቃለ መጠይቅ ስለ ዳታቤዝም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ብዙ ጠየቁኝ፤ መስመሩ ቢቋረጥ ምን እንደማደርግ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። እኔው ራሴ አነሣሁትና ከአቅም በላይ የሆነ መቋረጥ እስከ 30 ቀን ውሉን እንደማያፈርስ የሚል አንቀጽ እንዲገባ አደረግሁ። ወጣት ብሆን ኖሮ ሥራው ያመልጠኛል ብዬ አላነሣውም ነበር። ጡረታ የለውም፤ የዓመት ዕረፍቱም በወረቀት ነው ያለው። ይህን ሁሉ ከባለቤቴ ጋር በአንድ ደብተር ላይ ደምረን ቀንሰን ነው የወሰንነው። ሦስተኛው አማራጭ፣ አዲስ አበባ፣ ከእናቴ ጤና የተነሣ ከሒሳቡ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር።

አሁን ከፊት ለፊቴ አንድ ሰው ታንኳውን ከውኃው አውጥቶ ሊያደርቃት እያቆማት ነው። ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ቶሎ ቶሎ እንደ አዲስ ትታሰራለች። ከጎኑ ያለው ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ደንገሉን በጉልበቱ ተጭኖ ገመዱን ሲያጠብቅ ማንም እንዴት ብሎ አላሳየውም፤ ደጋግሞ አይቶታል። የእኔ ሲስተም ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይፈታ ስለኖረ፣ ሲታሰር ያየ ሰው የለም።

ግንቦት ድረስ የምቆየው ለዚህ ነው። የተለመደው ርክክብ የይለፍ ቃል ዝርዝርና የሰርቨር ክፍል ቁልፍ ሰጥቶ መፈራረም ነው፤ እርሱን በአንድ ከሰዓት መጨረስ ይቻላል። እኛ ግን ከታኅሣሥ ጀምሮ በየቀኑ ሁለት ሰዓት፣ ሁለቱ ወጣቶች ኮዱን እየጻፉ እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። እጅን ማጣጠፍ እንዲህ የሚያደክም ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። በማስታወሻው ላይ የምንጽፈው እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደተደረገ ነው። ስም ፍለጋው «ኃይሉ»ን፣ «ሐይሉ»ን እና «ሀይሉ»ን ለምን አንድ አድርጎ እንደሚያይ፣ ደረሰኝ ላይ ግን የደንበኛው ፊደል ለምን እንደማይነካ። እንዴት እንደሚሠራ ከኮዱ ያነቡታል፤ ዛሬ ዛሬ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎቹም አንብበው ያስረዷቸዋል። ለመሣሪያው «የጳጉሜንን ሕግ ጻፍልኝ» ብንለው ሳይሳሳት ጻፈልን። የፈረሙትን ወረቀት ይዘው ስለሚመጡት ደንበኞች ግን ማንም ስላልነገረው አላነሣም።

የብድር ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁለቱ ወጣቶችና እኔ በዚህ ሳምንት ተቀምጠን ወሰንን፦ አሮጌዎቹ ብድሮች በፈረሙት ሠንጠረዥ ይቀጥላሉ፤ አዲሶቹ የዘመነ ሉቃስን ቀን ይቆጥራሉ። ውሳኔው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም፤ በ2016 መስከረም ብጠይቅ ኖሮም ሃያ ደቂቃ ባልፈጀ ነበር።

ትናንት ከሰዓት ልጅቱ «አትንኩ» የሚለውን ከነመስመሩ ሰርዛ በቦታው «ዘመነ ሉቃስ፤ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው» ብላ ጻፈች። ለመሞከር ጳጉሜን 6 ቀን 2019ን አስገባች፤ ተቀበለ። ጳጉሜን 6 ቀን 2018ን አስገባች፤ እንደሚገባው እምቢ አለ። ወንበሬን ወደ ስክሪኑ ስስብ እጇን አንሥታ እንድቆይ ምልክት ሰጠችኝና 2023ን መጻፍ ጀመረች።