ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሰውን በቅርፁ ብቻ ማንሳት

ሲልዌት የሚባለውን ፎቶ ሳታዩት አትቀሩም። ሰማዩ ደምቆ ሰውየው ጥቁር ይሆናል፤ የሚታየው ቅርፁ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የፎቶው ውበት ከፀሐይዋ የሚመጣ ይመስለዋል። እኔ ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ እየወጣሁ ሳነሳ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ፀሐይማ በየቀኑ ትጠልቃለች። ሥራው ያለው የሰውየው አቋም ላይ ነው። ክንዱ ከወገቡ ካልተለየ ፎቶው ላይ የሚቀረው ጉቶ ነው።

ሱሉልታን የወደድኩት ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ነው። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉ ሰማዩን ይጋርዳል፤ ጥቁር ሰው ከጥቁር ዛፍ ጋር ሲገጥም ደግሞ ይጠፋል። ከወቅት ኅዳርና ታኅሣሥን እመርጣለሁ። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ አውድማ ላይም ሥራ አለ። በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ እኔ 11 ሰዓት ላይ ቦታዬን ይዣለሁ። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ጫፏ አድማሱን ከነካ በኋላ ጨርሳ ለመግባት ከ2 ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍባት ነው። ያኔ መቆሚያ መፈለግ አይቻልም።

የካሜራው ነገር ቀላል ነው። ብርሃኑን የምለካው ከሰውየው ሳይሆን ከፀሐይዋ ጎን ካለው ሰማይ ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) 8 አድርጌ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ሰማዩ ቀለሙን እስኪይዝ አፈጥነዋለሁ። በስልክ ከሆነ ሰማዩ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ያዙ፤ ከዚያ ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት። ፍላሽና ኤችዲአር (ጨለማውንና ብርሃኑን የሚያመጣጥነው) ይጥፉ፤ ሁለቱም ጥቁሩን ሊያነጡባችሁ ይታገላሉ። አንድ ነገር አደራ፦ በረጅም ሌንስ በመመልከቻው በኩል ፀሐይዋን ቀጥታ አትዩ። ዓይን ይጎዳል። በስክሪኑ እዩ።

አሁን ወደ ሰውየው። እኔ ሁሌም ዝቅ እላለሁ፤ ተንበርክኬ፣ አንዳንዴም ሣሩ ላይ ተኝቼ። ያኔ አድማሱ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ይወርድና ከዚያ በላይ ያለው አካሉ በሙሉ ሰማይ ላይ ይሆናል። ፊቱን ወደ እኔ ካዞረ አፍንጫውም አገጩም አይለይም፤ ስለዚህ ወደ ጎን እንዲዞር እጠይቃለሁ። ጋቢ ያምራል፣ ግን ክንድ ይውጣል። እጁን አውጥቶ ዱላ ቢይዝበት ግን ሌላ ፎቶ ነው። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጆቹን የሰቀለበት እረኛ ካገኛችሁማ ምንም አትንኩበት፤ እሱ ራሱ አቋሙን ጨርሶታል። ሁለት ሰው ከሆነ በመሃላቸው ሰማይ ይታይ።

አውድማ ላይ የማገኘውን ሌላ ቦታ አላገኘሁትም። በመንሽ ሲያዘሩ እህሉ ይወርዳል፣ እብቁ ነፋስ ላይ ይቀራል። እብቅ ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሰውየው ጠቁሮ ዙሪያው ያበራል። እዚህ ላይ ሹተሩን 1/1000 ሰከንድ አካባቢ አደርጋለሁ፤ አለዚያ እብቁ ጭጋግ ይሆናል።

አንድ አባት እንዲህ ሲያዘሩ አስፈቅጄ በስልክ አነሳኋቸውና አሳየኋቸው። «እና ፊቴ የታለ ልጄ?» አሉኝ። መልስ ሳልሰጥ ልጃቸው ስልኩን ተቀበለችኝ። «አባዬ፣ እርስዎ ነዎት እኮ! መንሹን እንደዚህ የሚይዝ ሌላ ማን አለ?» አለቻቸው። እሳቸውም ደግመው አዩትና «እውነትሽን ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳነሳ ቤተሰቡ ከፊቱ ሌላ በምን እንደሚያውቀው አያለሁ። አረማመዱ ሊሆን ይችላል፣ የሻሽ አስተሳሰሯ፣ የእንስራ አዘላዘሏ። እሱን ነው የምጠብቀው።

ፊት ባይታይም ማስፈቀድ አይቀርም። ፎቶውንም ባነሳሁት ሰው ስልክ ልኬ እሄዳለሁ፤ ስልክ ከሌለው አሳትሜ በሚቀጥለው ስመጣ አደርሳለሁ።

ፀሐይ ስትገባ ካሜራችሁን አታስገቡ። ደመና ካለ ምርጡ ቀለም ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ብርሃኑ ግን ቶሎ ስለሚቀንስ ሹተሩን ማዘግየት ወይም አይኤስኦውን ወደ 400 ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ሰውየውም ለአፍታ ቆም ይበል። ለእኔ ይህ ጊዜ ሩብ ሰዓት ቢቆይ ነው። ከዚያ ወደ አስፋልቱ፤ ወደ ከተማ የሚመለስ ታክሲ ሲመሽ ይጠፋል።