ላልሞተ ሰው የተተከለ ድንኳን

የ22 ደቂቃ አጭር ፊልም ነው። ጨርቆስ ውስጥ የሁለት መንደር ልጆች ይጣላሉ፤ አንዱ በሰንጢ ይወጋል። ስክሪፕቱን በሁለት ሳምንት ጻፍኩ። ካሜራ ተከራየን። ደሙን ከቀይ ሥር ጭማቂ ሠራን (ከልብስ ላይ አይለቅም፣ የኪራይ ልብስ እንዳታስነኩ)።

ድሮ የሰፈር ጉልቤ የነበረ ልጅ አማከርኩ። ስክሪፕቱን አንብቦ ሳቀ። «እንዲህ እየተደሰኮረ የሚጣላ ማን ነው?» አለኝ። ጠቡ በኳስ ወይም በተነጠቀ ስልክ ይነሳል፣ ወዲያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ቂሊንጦ ስንቅ ማመላለስ ነው፤ እሱንም የምታመላልሰው እናት ናት። ግማሹን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ። ፊልሜ ላይ የምኮራበት ነገር ካለ ይሄ ነው።

ጉዱ የመጣው የልቅሶው ትዕይንት ላይ ነው። ድንኳን ልንዋስ እድር ሄድን። ዳኛው «ላልሞተ ሰው ድንኳን አይተከልም፣ ሟርት ነው» ብለው መለሱን። ተናደድኩ። ወረዳ ሄጄ አቤት አልኩ። ሰውዬው ማኪያቶውን እያማሰለ «የቀረጻ ፈቃድ ደብዳቤ ይዛችሁ የለ? ማንንም አትለምኑ» አለኝ። እኔም መስማት የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። ድንኳን ተከራይተን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተከልን።

ተዋናይዋ ደረቷን እየመታች «ልጄን!» ስትል ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ማን ሞተ? ብዙዎቹ ካሜራውን አይተው እያጉረመረሙ ተመለሱ። አንዲት እናት ግን ከተዋናይዋ ጎን ተቀምጠው ያለቅሱ ጀመር። ካሜራ ማኑ ዞሮ አየኝ። በእጄ «ቀጥል» አልኩት። አራት ደቂቃ ቀረጽን።

ልጃቸው እዚያው ሰፈር ተወግቶ እንደሞተ የነገረኝ አማካሪዬ ነው፣ ማታ በስልክ። የዚያን ቀን አልጠራሁትም ነበር። አበል ልቆጥብ ብዬ! «ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አለኝና ዘጋው።

ስለዚህ ወረዳው የፈለገውን ይበል፣ ደብዳቤውን ኪሳችሁ ከታችሁ መጀመሪያ ቤት ለቤት ዙሩ። ደብዳቤው ለፖሊስ ነው። እድሩ እምቢ ካለ ደግሞ ምክንያቱን ጠይቁ፤ እኔ ሟርት የሚለውን ሰምቼ ኋላ ቀርነት ነው ብዬ አለፍኩት።

ኤዲተሩ እናትየዋ ያለቀሱበትን ቀረጻ አይቶ «ከፊልሙ ሁሉ ምርጡ ይሄ ነው» ብሎ ተሟገተኝ። ልክ ነው። አጠፋሁት። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ እናትየዋ ቡና አፈሉልኝ።

«ፊልሙ መቼ ነው የሚታየው ልጄ?» አሉኝ።