ጨጨብሳ የጻፍኩባት እስክርቢቶ

መሥሪያ ቤቴ አራት ኪሎ ነው። ከሥራዬ ግማሹ ስብሰባ ነው፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ። ለአጭር ሥልጠና ቶኪዮ ስላክ ለራሴ ምን እንደምገዛ አስቀድሜ ወስኜ ነበር፦ አንዲት ጥሩ የቀለም እስክርቢቶ፣ ፋውንቴን ፔን የምትባለዋን።

ከዚያ በፊት አንዴ ተሸውጃለሁ። ከአውሮፓ ስመለስ፣ ኤርፖርት ውስጥ በረራ ሊጠራ ሲል፣ በአሥር ደቂቃ የገዛኋት አንዲት ነበረች። ሳጥኗ ያምራል፣ ክዳኗ ያብለጨልጫል። ጫፏ መካከለኛ፣ ማለትም ኤም የሚባለው ነው። ቤት ገብቼ ስጽፍባት "ሌ" እግሩ ላይ ያለችው ቀለበት ድፍን አለች። "ሜ"ም እንደዚያው። "ጨ"ማ ዝንብ የተጨፈለቀበት መስሎ ቀረ። ለላቲን ፊደል ምንም አይላትም፤ ፊርማም ታሳምራለች። አማርኛ ግን አትችልም። አሁን መሳቢያ ውስጥ ናት።

ቶኪዮ፣ ጊንዛ ውስጥ፣ ኢቶያ የሚባል የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለ። የተከፈተው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። በሩ ላይ ትልቅ ቀይ የወረቀት ክሊፕ ስለተሰቀለ አይጠፋም። ፎቅ በፎቅ ወረቀት፣ ፖስትካርድ፣ እርሳስ... እኔ ያለ የሌለ ጊዜዬን የጨረስኩት እስክርቢቶዎቹ ጋ ነው።

ሻጩ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። የፓይለትን ከስተም 74 የምትባል እስክርቢቶ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። ፓይለት በ1918 የተመሠረተ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ 74 የሚለው ቁጥር ኩባንያው 74 ዓመት የሞላበትን ጊዜ ያስታውሳል። ትሪ ላይ የተለያየ ውፍረት ያላቸውን ጫፎች ደርድረው፣ ቀለም ውስጥ ነከር እያደረጉ አንድ በአንድ ሰጡኝ። ወረቀትም አቀረቡልኝ።

ሰው እንዲህ ሲቀርብለት ስሙን ይጽፋል፣ ወይ ይፈርማል። እኔ ግን በፊተኛዋ ተምሬአለሁ። የጻፍኩት "ጨጨብሳ" ነው። ከሥሩ "ቄጤማ"። ከሥሩ "ፀሐይ"። እንደ ቃለ ጉባኤ ደቀቅ አድርጌ፣ እንደ ልማዴ ቸኩዬ። ሰውየው ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ። አልሳቁም። "ጨ"ን በጣታቸው እያመለከቱ አንድ ነገር አሉና ኤም የሚለውን ጫፍ መልሰው አስቀመጡት። ኤፍ፣ ማለትም ቀጭን የሚባለውን፣ አቀበሉኝ። ቀለበቶቹ ሁሉ ዓይናቸውን ከፈቱ።

የጃፓን ጫፍ ከአውሮፓው ይቀጥናል። የጃፓኑ ኤም ከአውሮፓው ኤፍ ጋር ይቀራረባል ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ጽሕፈታቸው ነው፤ በአንዲት ጠባብ ቦታ ውስጥ አሥር አሥራ አምስት መስመር ያለው ፊደል ማስገባት አለባቸው። ለእኛም የሚበጀን ይኸው ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን እኮ መቃውን የሚቀርጹት እንደሚጽፉት ፊደል መጠን ነው።

ስለ ወርቁም ላውራ፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ጫፏ ባለ 14 ካራት ወርቅ ነው። ነገር ግን ወረቀቱን የሚነካው ወርቁ አይደለም። መጨረሻው ላይ የተበየደች ጠንካራ የብረታ ብረት ቅይጥ ጠብታ አለች፤ የምትጽፈው እሷ ናት። ወርቁ በቀለም አይበላም፣ ትንሽም እጥፍ ዘርጋ ይላል። በብረት ጫፍም ቆንጆ ይጻፋል። እውነቱን ለመናገር፣ ወርቁን የገዛሁት ስላማረኝ ነው።

ዋጋዋ አሥራ ምናምን ሺህ የን ነበር። ያኔ ፓስፖርት ሳሳይ 10 በመቶው ታክስ ተነሣልኝ። ወደ ብር መንዝሬ ለማንም አልነገርኩም። ኮንቨርተር፣ ማለትም ከጠርሙስ ቀለም የሚስበውን፣ ለብቻው ከፍዬ ገዛሁ። ይሄን አልቆጭበትም። የፓይለት ካርትሪጅ፣ ማለትም ቀለም ተሞልቶ የሚሸጠው ቀፎ፣ የራሱ ቅርጽ ነው ያለው፤ የሌላ ኩባንያ አይገባለትም። አዲስ አበባ መጥቶ ካርትሪጅ ፍለጋ መንከራተት ደግሞ ምን ያደርጋል?

የቆጨኝ ቀለሙ ነው። ሻንጣዬ ሞልቷል ብዬ ቀለም ሳልገዛ መጣሁ። 50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ እኮ በእጅ ሻንጣም ያልፍ ነበር።

በመጨረሻው ሌሊት ሆቴል ውስጥ አላስቻለኝም። አብራት የመጣችውን ካርትሪጅ ሰካሁና ግማሹን ጻፍኩበት። በሴኡል በኩል ስመጣ መንገዱን ሁሉ ኪሴን እየዳበስኩ ነበር። ምንም የለም። ቤት ገብቼ ክዳኗን ስከፍት ጣቶቼ ሰማያዊ ሆኑ። ነገሩ የአየር ግፊት ነው። በቀለም ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው አየር ውጪው ሲሳሳ ይለጠጥና ቀለሙን ይገፋል። እንደ ቦይንግ 787 ባሉ አውሮፕላኖች የካቢኑ አየር ቢበዛ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ነው የሚሳሳው። ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ሌላው ሰው ሲያርፍ ግፊቱ ይጨምርለታል፤ እኛ ስናርፍ ጭራሽ ይቀንስብናል! ስለዚህ ወይ ባዶዋን፣ ወይ ጢም ብላ ሞልታ፣ ጫፏ ወደ ላይ ሆኖ ነው መምጣት ያለባት።

ካርትሪጁ ሲያልቅ ፒያሳ ወርጄ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ቀለም ጠየቅኩ። ልጁ ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። "ለእስክርቢቶ ይሆናል?" አልኩት። "ቀለም ቀለም ነው፣ ጋሼ" አለኝ። ከፈልኩ። ጠርሙሱን ገልብጬ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። የማኅተም ቀለም ነበር።

ሁለት ቀን ጻፈች። በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ላይ፣ አጀንዳ ቁጥር ሁለት ላይ ስንደርስ፣ ቆመች። የማኅተም ቀለም መርገጫው ላይ ቶሎ እንዳይደርቅ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ወፈር ይላል። እንደ ፀጉር በቀጠነ ቦይ እንዲወርድ የተሠራ አይደለም። ሦስት ማታ ለብ ባለ ውኃ ስስብና ስተፋ ከረምኩ። ውኃው መጀመሪያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሮዝ፣ በሦስተኛው ማታ ንጹሕ ሆነ። አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙናም ረድቶኛል። የፈላ ውኃ አልሞከርኩም፤ ፕላስቲኳን ያጣምማታል። ከዚያ ወዲህ ወደ ውጭ የሚሄድ ዘመድ ባገኘሁ ቁጥር "የእስክርቢቶ ቀለም፣ ጠርሙሱ ላይ ፋውንቴን ፔን የሚል" ብዬ በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ።

ወረቀቱም አንድ ጣጣ ነው። በስሱ ደብተር ላይ ቀለሙ እንደ ሸረሪት ድር ይበተናል፣ ጀርባውም ላይ ይወጣል። ኤፍ ስለሆነች ትንሽ ይሻላል። ቃለ ጉባኤውን በአንድ ገጽ ብቻ ነው የምጽፈው።

የቀረው ፈተና ሰው ነው። በቀደም ለገሃር አካባቢ ባንክ ወረፋ ላይ ቅጽ እየሞላሁ ነው። ከኋላዬ አንድ ሰው "ወንድሜ፣ እስክርቢቶህን ላንዴ?" አለኝ። እምቢ ማለት ነውር ነው። ሰጠሁት። ጫፏን ገልብጦ ያዘና እንደ ቢክ ተጫናት። አልጻፈችለትም። አራገፋት። ቀለሙ ቅጹ ላይ፣ ሸሚዙ ላይ፣ የእኔም ጫማ ላይ ተረጨ። "አልቃለች መሰለኝ" ብሎ መለሰልኝ።

አሁን ደረት ኪሴ ውስጥ ሁለት ናቸው። አንዷ ቢክ ናት፣ ለሚጠይቀኝ ሰው። እሷንም እስካሁን አራት ጊዜ ተክቻለሁ።