ልወጣው የማልችለውን ቁልቁለት ከወረድኩ በኋላ

ፎር ዊል ድራይቭ መኪና የያዝኩ ሰሞን ፈታኝ የጫካ መንገድ ማግኘት ቀላል መስሎኝ ነበር። ኮረብታው አለ፣ ጫካው አለ፣ ከዋናው መንገድ የሚገነጠል ጥርጊያም ሞልቷል። ገባ ማለት ብቻ ነው አልኩ። እንዲሁ ስገባና ስወጣ ወራት ፈጀሁ። አብዛኛው ጥርጊያ አጥር ወይም የሰው ደጃፍ ላይ ያልቃል። የቀረው ደግሞ የትኛውም መኪና ሳይቸገር የሚሄድበት ደልዳላ ነው።

አንድ ቀን የፈለግኩትን አገኘሁ። በረጃጅም ዛፎች መሀል ቀጥ ብሎ የሚወርድ የቀይ አፈር ቁልቁለት። መሬቱ ደርቋል። ፎር ሎው፣ ማለትም አራቱም ጎማዎች በዝግታና በጉልበት የሚዞሩበትን ማርሽ፣ አስገብቼ በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያልኩ ወረድኩ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ታች ወንዙ ጋ ስደርስ ግን ከግንድ የተሠራው ድልድይ በስብሶ ተደርምሷል። መኪናውን አዙሬ ሳልጨርስ ዝናቡ መጣ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያ ቀይ አፈር ሳሙና ሆነ። ልወጣ ስሞክር አራቱም ጎማዎች ባሉበት ይሽከረከራሉ፤ የመኪናው ኋላ ወደ ቦረቦሩ ይንሸራተታል። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። እዚያው አደርኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ መሬቱ ጠንከር ሲል፣ የጎማዎቹን ንፋስ ቀንሼ በብዙ ትግል ወጣሁ።

ያን ሌሊት መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ሳስብ፣ ስፈልግ የኖርኩት አስቸጋሪ መንገድ ብቻ እንደነበር ገባኝ። አስቸጋሪ ሆኖ መመለሻም ያለው መንገድ መፈለግ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለኝ፤ ወጥቼ ያላየሁትን ዳገት አልወርድም። ዳገት ቢያቅት በመጣህበት መስመር ቀጥ ብለህ ወደ ኋላ ትመለሳለህ። ቁልቁለት ግን ግማሽ ላይ ሐሳብህን ብትቀይር አይሰማህም። ስለዚህ ከባዱ ክፍል ገና በጠዋቱ፣ ሽቅብ የሚያጋጥመኝን መንገድ እመርጣለሁ።

እንዲህ ያለውን መንገድ ደግሞ ከመሪ ጀርባ ሆኜ አላገኘሁትም። ጠረጴዛ ላይ፣ ካርታ ዘርግቼ ነው የማገኘው።

አንድ ለ50,000 በሆነ ካርታ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። በሁለት የከፍታ መስመሮች፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያያይዙ መስመሮች፣ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ብዙ ጊዜ 20 ሜትር ነው፤ በእርግጥ የራሱን የካርታውን መግለጫ ማየት ያስፈልጋል። መንገዱ በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አምስት እንዲህ ያለ ልዩነት ከወጣ፣ በ500 ሜትር 100 ሜትር ይወጣል ማለት ነው። ይህ 20 ከመቶ ነው፤ በዲግሪ 11 ገደማ። ቁጥሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ግን አማካይ ነው። በዚያ 500 ሜትር ውስጥ ከዚህ እጥፍ የቆመ ቦታ ሊኖር ይችላል፣ ካርታው ደግሞ አይነግርም። በነገራችን ላይ፣ «45 ዲግሪ ዳገት ወጣሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ለክተኸዋል ወይ እላለሁ። 45 ዲግሪ ማለት አንድ ሜትር ወደፊት፣ አንድ ሜትር ወደ ላይ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳ የሚመስለው ዳገት ሲለካ ብዙ ጊዜ ከ25 አያልፍም።

ከሁሉ በላይ የማየው መንገዱ የከፍታ መስመሮቹን እንዴት እንደሚያቋርጥ ነው። ከመስመሮቹ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ከሆነ የተራራውን ወገብ ይዞ የሚዞር፣ ለጭነት መኪና ተብሎ የተጠረገ መንገድ ነው። አይፈትንም። መስመሮቹን ቀጥ ብሎ የሚቆርጥ ከሆነ ግን ልቤ ይመታል። መንገድ የሚያወጣ ሰው ያለ ምክንያት ተራራን ቀጥ ብሎ አይወጣም። በእኔ ልምድ ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። አንዱ እሳት እንዳይዛመት በጫካው መሀል የተመነጠረ ሰንጥቅ ነው። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ ሽቦው ከኮረብታ ኮረብታ ቀጥ ብሎ ስለሚዘረጋ ሥሩ ያለው የጥገና መንገድም ይከተለዋል። ሦስተኛው ድሮ ግንድ ይጎተትበት የነበረ ዱካ ነው። እኔ ካርታ ስከፍት በመጀመሪያ የምፈልገው እነዚህን ነው።

ቀጥሎ ውሃን አስባለሁ። የከፍታ መስመሮቹ ጫፋቸውን ወደ ላይኛው ከፍታ ቀስረው ሲሾሉ ውሃ የሚወርድበት ሸለቆ ነው፤ ወደ ዝቅተኛው ሲሾሉ ሸንተረር ነው። ሸንተረር ላይ ውሃ አይቆይም። አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ ስለሚወጣ መንገዱ ያንገጫግጫል እንጂ ቶሎ ይደርቃል። ሸለቆ ግን ከላይ የታጠበውን ደቃቅ አፈር ሁሉ ይሰበስባል፤ ጥላውም ብዙ ነው። ላይ አቧራ እያስነሳህ ታች አረንቋ ሊጠብቅህ ይችላል። እኔን ያሳደረኝም ቦታ ካርታው ላይ ሸለቆ መሆኑ በግልጽ ይታይ ነበር። ያኔ ማንበብ አልቻልኩበትም።

የሳተላይት ምስል በጫካ አገር ብዙ ያስቸግራል። ዛፉ ገጥሞ መንገዱን ይሸፍነዋል። ያገዘኝ ዘዴ ጉግል ኧርዝ ላይ ወደ ድሮ ምስሎች መመለስ ነው። ጫካው በአንድ ወቅት ተቆርጦ እንደገና የበቀለ ከሆነ፣ በተቆረጠበት ዓመት የተነሳው ምስል ላይ የግንድ መጎተቻ ዱካዎቹ እንደ እጅ መዳፍ መስመር ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ዛፉ ቅጠሉን የሚያራግፍ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቅጠል የረገፈበትን ወቅት እፈልጋለሁ።

ኦፕን ስትሪት ማፕም ብዙ ጠቅሞኛል። በጎ ፈቃደኞች ከ2004 ጀምሮ የሚሠሩት ካርታ ነው። ጥርጊያ መንገዶችን ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ 1 ጠንካራ፣ 5 ለስላሳ አፈር ወይም ሣር። 4 እና 5ን አጣርቼ አያለሁ። ነገር ግን ደረጃው የሚናገረው ስለ መሬቱ ጥንካሬ ነው፤ ስለ ዳገቱ አይደለም። ይህን ሳላውቅ ደረጃ 5 ብዬ ሄጄ ሜዳ ላይ ያለ የሣር መንገድ አግኝቻለሁ።

ስልክ ላይ የሚታየውን የከፍታ ሥዕልም በጥርጣሬ ነው የማየው። ብዙዎቹ አፖች ከሚጠቀሙባቸው የከፍታ መረጃዎች አንዱ በየካቲት 2000 የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የለካው ነው። የሚለካው በ30 ሜትር ርቀት አንድ ነጥብ ነው። ሁለት ሜትር የሆነ የድንጋይ እርከን በዚያ መሀል ይጠፋል። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ደግሞ ራዳሩ መሬት ሳይደርስ ከዛፉ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ስለዚህ ስልኩ ለስለስ ያለ ጉብታ ቢያሳየኝ አላምነውም።

ካርታ የማይነግረውን ሰው ይነግራል። ጫካ ሁሉ ባለቤት አለው፤ መንግሥት ይሁን፣ ድርጅት ይሁን፣ ማኅበረሰብ። ፈቃድ ሳልጠይቅ አልገባም። ፈቃድ የምጠይቀው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ መንገዱን ከሁሉ የበለጠ ያውቃል። የጫካ ጠባቂ፣ እንጨት ጫኝ፣ ንብ አናቢ፣ እነዚህ ሰዎች ወርቅ ናቸው። አጠያየቁን ግን ቀስ ብዬ ነው የተማርኩት። «መኪና ያስገባል?» ስትል ሰው ላለማሳዘን «ያስገባል» ይልሃል። አሁን «መጨረሻ የገባው ምን ዓይነት መኪና ነው? መቼ ነው የገባው? ዝናብ ነበር? በገባበት ነው የወጣው ወይስ በሌላ በኩል?» እላለሁ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ፊታቸው ይቀየራል፣ እውነተኛው ወሬም ያኔ ይመጣል።

ቦታው ስደርስ ሞተር አጥፍቼ በእግሬ እሄዳለሁ። ለእኔ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፤ ከሚያስቸኩለኝ ነገር ሁሉ አስቀድመዋለሁ። ከዲፈረንሻሌ (ጎማዎቹን ከሚያገናኘው አክስል መሀል ካለው እብጠት) ሥር እስከ መሬት ያለውን ቁመት ለክቼ በዚያው ልክ የቆረጥኩት ዱላ አለኝ፤ 22 ሳንቲ ሜትር። በሁለቱ የጎማ ቦዮች መካከል ያለው ጉብታ ከዱላው ከበለጠ፣ መኪናው ሆዱ ላይ ተቀምጦ ጎማዎቹ ይንጠለጠላሉ። አፈሩን በጣቴ ቆንጥሬ፣ አርጥቤ፣ እንደ ክር አድቦለብለዋለሁ። ሳይበጠስ ከረዘመ ሸክላ አለው፤ ዝናብ ከመጣ ልወጣ አልችልም። በሰያፍ መንገዱን የሚያቋርጥ እርጥብ የዛፍ ሥርም ጎማን ወደ ጎን ስለሚወስድ ቦታውን ምልክት አደርጋለሁ። ለዊንች፣ መኪናውን በሽቦ ወይም በገመድ ለሚጎትተው መሣሪያ፣ የሚሆን ጤነኛ ዛፍና መዞሪያ ቦታ የት እንዳለ አያለሁ። ቀና ብዬም አያለሁ። የደረቀ ቅርንጫፍ ከላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ከሥሩ አልቆምም።

መንዳቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ አጭር ነው። የጎማዬን ንፋስ ከ35 ወደ 20 ፒ ኤስ አይ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ጎማው ሰፋ ብሎ መሬቱን ይይዛል። ስወጣ እንደገና እሞላለሁ፣ በቀነሰ ጎማ አስፋልት ላይ መፍጠን አደገኛ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ከጠፋ ፍሬን፣ ከዚያ የኋላ ማርሽ በፎር ሎው፣ ከዚያ ፍሪሲዮን ሳልረግጥ ሞተሩ እየያዘኝ ቀጥ ብዬ መውረድ። መኪናውን ዳገት ላይ ወደ ጎን ማዞር የሚገለብጥ ነገር ነው።

ብቻዬንም አልገባም። ሁለት መኪና ቢሆን ይሻላል። ገመድ የማስረው በሻንሲው ላይ በተሠራ መጎተቻ ቦታ እንጂ ተሳቢ በሚታሰርበት ኳስ ላይ አይደለም፤ ያ ኳስ ሲበጠስ እንደ ጥይት ይወረወራል፣ ሰው ገድሏል። ገመድ ሲወጠር ሁሉም ሰው ርቆ ይቆማል። በዚህ ጉዳይ ከጓደኞቼ ጋር እስከ መጣላት እደርሳለሁ።

ዝናብ ከጣለ አንድ ሁለት ቀን የሆነው መንገድ ላይም አልገባም። ለራሴ ብቻ ብዬ አይደለም። እርጥብ መሬት ላይ የሚተው የጎማ ቦይ በቀጣዩ ዝናብ የጎርፍ መውረጃ ይሆናል። በአንድ ወቅት የምወደው ዳገት እንዲህ ተሰንጥቆ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው እንኳ የማይሻገረው ቦረቦር ሆኗል። ስንቱ ጎማ አልፎበት እንደዚያ እንደሆነ ሳስበው ያመኛል።

ደብተር አለኝ። ለእያንዳንዱ መንገድ ቀኑን፣ ዝናብ ከጣለ ስንት ቀን እንደሆነው፣ የጎማ ንፋሱን፣ ከየት እንደተመለስኩ እጽፋለሁ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገጽ ላይ «ተመለስኩ» የሚል አለ።

ያደርኩበት ቁልቁለት ባለፈው የበጋ ወቅት እንደገና ጠራኝ። ካርታውን ስዘረጋ ከወንዙ ማዶ፣ ሸንተረሩን ይዞ የሚወጣ የእሳት መከላከያ ሰንጥቅ አየሁ። ያኔም እዚያው ነበር። በማዶ በኩል ዞሬ፣ ጠባቂውን ጠይቄ፣ ከታች ጀምሬ ወጣሁት። ሁለት ጊዜ አቅቶኝ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ በሦስተኛው ጫፉ ላይ ደረስኩ። ከዚያ ላይ ሆኜ ስመለከት የተደረመሰው ድልድይ ከዛፎቹ ሥር በትንሹ ይታይ ነበር።